«ደስታ» የሚባሉ ሦስት ሰዎች

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ለኢዮቤልዩ በዓሉ የሚታተም አጭር የታሪክ መጽሐፍ እንዳዘጋጅለት ጠየቀኝ። የሚሲዮናውያኑን የድሮ ደብዳቤዎች ቅጂ ሳገላብጥ የአንድ ቀደምት ወንጌላዊ ስም ከነአባቱ አገኘሁ። የአባቱ ስም በዚያ አካባቢ ወንጌልን መጀመሪያ ተቀበለ ከሚባለው ሰው ስም ጋር አንድ ነበር። ዘመኑ ይገጥማል፤ ቦታውም ይገጥማል። ስለዚህ «የመጀመሪያው አማኝ ልጅ» ብዬ ጻፍሁ፤ ታተመ፤ ተበተነም። በበዓሉ ዕለት አንዲት እናት ምርኩዛቸውን ተደግፈው መጡና ገጹን ገልጠው እያሳዩኝ «ልጄ፣ አያቴን ለወጥህብኝ እኮ!» አሉኝ። ወንጌላዊው አባታቸው ነበር። አያታቸው ግን ያ የታወቀው አማኝ ሳይሆን፣ ልጁ ወንጌልን በመቀበሉ ከቤቱ ያባረረው ሌላ ሰው ነው። ስም ስለ ገጠመልኝ ብቻ አባቱ የጣለውን ሰው እምነትን ከአባቱ የወረሰ አድርጌ አቀረብሁት።

ይህን የምነግራችሁ እናንተም ለመመረቂያ ጽሑፍ ወይም ለአጥቢያችሁ ታሪክ አንድ ቀን መዝገብ መፈተሻችሁ ስለማይቀር ነው። በመዝገብ ፍለጋ ሁለተኛው ስም ከምንም በላይ ያስታል።

የአውሮፓና የአሜሪካ ቤተ መዛግብት የተደራጁት አንድ ቤተሰብ ከትውልድ ወደ ትውልድ አንድ ስም ይዞ ይሄዳል በሚል ልማድ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን በቤተ እስራኤል መካከል ያገለገለውን ዮሐን ማርቲን ፍላድን ብትፈልጉ ባለቤቱን ፓውሊነንም «ፍላድ» በሚለው ስም ሥር ታገኟታላችሁ። የእኛ ሁለተኛ ስም ግን የአባት የራሱ መጠሪያ ነው፤ ዕድሜውም አንድ ትውልድ ነው። ልጅ ሲወለድ የአያቱ ስም ወደ ሦስተኛ ቦታ ይገፋል፤ ከዚያም ከወረቀት ይወጣል።

እስቲ «ደስታ» የሚለውን በመጨረሻ ስምነት ፈልጉ። ከንቲባ ገብሩ ደስታን ታገኛላችሁ፦ በስዊዘርላንድ ቅዱስ ክሪሾና የተማሩ፣ በኋላም የጎንደር ከንቲባ የሆኑ ቀደምት ፕሮቴስታንት። ከእሳቸው አጠገብ የባሕር ኃይሉ ሹም ልዑል እስክንድር ደስታ ይቆማሉ። ቀጥሎ ደግሞ ሠዓሊውና ባለቅኔው ገብረ ክርስቶስ ደስታ። ለባዕድ አንባቢ አንድ ታላቅ ቤተሰብ ይመስላሉ፤ አንዱ ከንቲባ፣ አንዱ አድሚራል፣ አንዱ ሠዓሊ። ነገር ግን የእስክንድር አባት ራስ ደስታ ዳምጠው ናቸው፤ የገብረ ክርስቶስ አባት አለቃ ደስታ ነገዎ ናቸው፤ የከንቲባው አባት ደግሞ ሌላ ደስታ ናቸው። ሦስት ደስታ፣ ሦስት ቤት።

አሁን ነገሩን ገልብጡት። የከንቲባ ገብሩ ልጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ለፓርላማ በመመረጥ የመጀመሪያዋ ሴት የሆኑት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ፣ «ደስታ» በሚለው ሥር የሉም። ባዕዳኑ ሦስቱን ሰዎች የሚያስተሳስረው ፍለጋ የገዛ ልጃቸውን ያስቀራል። ከንቲባው ራሳቸውም በቀደሙ ሰነዶች ጎባው ደስታ ተብለው ስለሚገኙ፣ የመጀመሪያ ስማቸውን ብቻ ይዞ የሚፈልግም አንድን ሰው ሁለት ሊያደርጋቸው ይችላል።

ስሙ በእውነት ዝምድናን የሚያሳይበት ጊዜም አለ። «ቱምሳ» ብላችሁ ብትፈልጉ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩትንና እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1979 ታፍነው የተገደሉትን ቄስ ጉዲና ቱምሳን፣ ከእሳቸውም ጋር በፖለቲካ ታሪክ የሚታወቁትን ባሮ ቱምሳን ታገኛላችሁ፤ እነዚህ በእርግጥ ወንድማማቾች ናቸው። ነገር ግን ወንድማማች መሆናቸውን ያወቅነው ስለ ሕይወታቸው ከተጻፈውና ከሚያውቋቸው ሰዎች እንጂ ከስማቸው አይደለም። በዚያው ፍለጋ የቄስ ጉዲና ባለቤት ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ አይገኙም። ከባለቤታቸው መገደል በኋላ ለዓመታት በእስር የተሠቃዩ ሴት ናቸው። በእኛ ልማድ ሚስት የባሏን ስም ስለማትወስድ በስም ብቻ የተሠራ የቤተሰብ ታሪክ ሴቶችን ያስቀራል፤ የአገልጋዮች ሚስቶች በታሪካችን ጥቂት የሆኑበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

በጥምር ስሞች ላይ የሚደርሰው ደግሞ አንዳንዴ ያስቃል። ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ተክለ የሚሉት ብቻቸውን ስም አይደሉም። ማውጫ አዘጋጁ ይህን ካላወቀ የመጨረሻዋን ቃል ቆርጦ የቤተሰብ ስም ያደርጋታል። እንዲህ ከሆነ በእምኩሉ የስዊድን ሚሲዮን የተማሩት አለቃ ታዬ ገብረ ማርያምና የደርጉ ሊቀ መንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሁለቱም «ማርያም» በሚባል ቤተሰብ ውስጥ ይሰለፋሉ! በሐምቡርግ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጽ የታተመው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ ኢትዮጵያውያንን በራሳቸው መጠሪያ የሚደረድረው ይህን ለማስቀረት ነው። በጽሑፋችሁም እንዲሁ አድርጉ፤ መምህራችሁ «የአባት ስም ይቅደም» ቢል በትሕትና ተሟገቱ።

ከሁሉ ይልቅ ግን የኦነሲሞስ ነሲብን ስም ልብ በሉ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሂካ ነው፤ በአፋን ኦሮሞ ተርጓሚ ማለት ነው። አባታቸው አዋጂ ገና በሕፃንነታቸው ሞቱ። ከዚያ ልጁ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ወደቀ፤ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ። ነሲብ የሚለው በባርነት ዘመን የወጣለት ስም ነው፤ በዐረብኛ ዕጣ፣ ዕድል እንደ ማለት። ቨርነር ሙንዚንገር ነጻ አውጥቶ ለስዊድን ሚሲዮናውያን ሰጣቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1872 በትንሣኤ ዕለት ሲጠመቁ ኦነሲሞስ ተባሉ፤ ጳውሎስ ለፊልሞና የጻፈለት የዚያ ባሪያ ስም ነው። በስተርጅና ደግሞ ሕዝቡ አባ ገመቺስ፣ የገመቺስ አባት፣ ይላቸው ነበር። ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከሙበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በቅዱስ ክሪሾና ታተመ፤ ሂካ የሚለው ስም ፍቺ ተፈጸመ ማለት ነው።

በመዝገብ ግን በቤተሰብ ስም ቦታ የተቀመጠው ነሲብ ነው። የአባታቸውም የአያታቸውም ስም አይደለም። በሚሲዮን ደብዳቤዎች ነሲብ የተባለ ሌላ ሰው ብታገኙ ዝምድናው የሥጋ ሳይሆን የገበያ ሊሆን ይችላል። አዋጂን የሚፈልግ ደግሞ ኦነሲሞስን አያገኝም። ገመቺስ በሚለውም ከሄደ አባትን በልጁ ስም እየፈለገ መሆኑን ማወቅ አለበት። አንድ ሰው፣ አራት ስም፤ በተለመደው መጠሪያቸው ውስጥ የአባታቸው ስም የለም።

በኮምፒዩተር መፈለግ ነገሩን ያቀላል ብላችሁ አትዘናጉ። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ እና ጸሃይ ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለብዙው የፍለጋ መሣሪያ ግን አራት ልዩ ቃላት ናቸው። በላቲን ፊደል ሲሆን ይብሳል፤ ወልደ የሚለውን እንግሊዛዊው በደብልዩ ሲጀምረው ጣሊያናዊው በዩ ይጀምረዋል። ወደ ፍለጋ ከመግባታችሁ በፊት የስሙን አጻጻፎች ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ዘርዝሩ። በውጭ አገር ስላሉ ወገኖቻችን የምታጠኑ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ አሜሪካ የገባ ሰው የአባቱ ስም በወረቀት ላይ ይደርቅና ለልጆቹም ይተላለፋል። ስለዚህ አዲስ አበባ የተወለደው ታላቅና ዋሽንግተን የተወለደው ታናሽ የአንድ አባት ልጆች ሆነው በሁለት ስም ሊጻፉ ይችላሉ።

ይህ ሁሉ ለእግዚአብሔር ሕዝብ አዲስ አይደለም። በዕዝራ 2፥61-63 ከምርኮ የተመለሱ አንዳንድ ካህናት የትውልድ መዝገባቸውን ፈልገው እንዳጡ እናነባለን። ከእነርሱ አንዱ ቤት የተጠራው በገለዓዳዊው በቤርዜሊ ስም ነበር፤ ምክንያቱም አባታቸው ከቤርዜሊ ልጆች አግብቶ በሚስቱ ቤተሰብ ስም ተጠራ። ያም ማለት መዝገቡ ቢገኝ እንኳ በአባት መስመር የሚፈልግ ሊያጣቸው ይችል ነበር። ገዥው ካህናት ናችሁም አላላቸው፣ አይደላችሁምም አላላቸው፤ ኡሪምና ቱሚም ያለው ካህን እስኪነሣ ከተቀደሰው እንዳይበሉ ብቻ ከለከለ። ለታሪክ ጸሐፊ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም፦ ማስረጃ ሲጎድል ጥያቄውን ክፍት መተው።

ከእነዚያ ካህናት መካከል የአቆስ ልጆችም ነበሩ። በነህምያ 3 ቅጥሩን ከሚሠሩት አንዱ ሜሪሞት ነው፤ ጽሑፉ ከአባቱ በተጨማሪ አቆስን ይጠቅሳል። በዕዝራ 8፥33 ደግሞ የካህን ልጅ የሆነ ሜሪሞት የቤተ መቅደሱን ብርና ወርቅ ሲረከብ እናያለን። ሁለቱ አንድ ሰው ከሆኑ ያ ቤት ክህነቱ ተመልሶለት ነበር ማለት ነው። ብዙ ተንታኞች እንዲህ ይላሉ፤ እኔም ወደዚያ አዘነብላለሁ። ነገር ግን አስተውሉ፤ በዕዝራ 8 አቆስ አልተጠቀሰም። ይህም ስም ከስም በመግጠሙ የተደረሰበት ነው፤ ስለዚህ ስሰብክበት «ይመስላል» እላለሁ።

ወደ እኒያ እናት ልመለስ። በቀሩት ቅጂዎች ላይ እርማት ለጠፍን፤ የተበተኑትን ግን ማን ይሰበስባቸዋል? ይቅርታ ከጠየቅሁ በኋላ የአያታቸውን አባት ስም ጠየቅኋቸው። ቀና ብለው ሳያስቡ ነገሩኝ፤ ከዚያም የእሱን አባት፤ ከዚያም የዚያን አባት፤ በጋብቻ ጊዜ ዝምድና ለመለየት እንደሚቆጠረው እስከ ሰባት ቤት ድረስ። ከመኪና ተራው ላይ ቆመን በመጽሐፉ የኋላ ሽፋን ላይ ጻፍሁት። በዚያ አካባቢ ያን ያህል ወደ ኋላ የሚሄድ ሌላ መዝገብ እስካሁን አላገኘሁም።