ዶክተር መላኩ ወረደ፦ ነባሩን ዘር ከአርሶ አደሩ ጋር ያቆዩ የዘር ባንክ መሪ

ዶክተር መላኩ ወረደ በሰብል ዘረመልና በዝርያ ማሻሻል የታወቁ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1936 ተወለዱ፤ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በአሜሪካ ከነብራስካ ዩኒቨርሲቲ አገኙ። ወደ አገራቸው ተመልሰው በአዲስ አበባ የዕፅዋት ዘረመል ሀብት ማዕከልን በማቀድ ተሳተፉ፤ እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1993 ድረስም በዳይሬክተርነት መሩት።

ዘር ወደ ውጭ ሲጓዝ

በቅኝ ግዛት ዘመን የዕፅዋት ማዕከላት ዋና ሥራ ለገዢው አገር የሚጠቅሙ ተክሎችን መሰብሰብና ማላመድ ነበር። ካስፓር ራይንዋርት እ.ኤ.አ. በ1817 በጃቫ ደሴት፣ ዛሬ ቦጎር በምትባለው ከተማ፣ ያቋቋሙትና የመሩት ማዕከል አንዱ ምሳሌ ነው።

በዘጌ ደን ጥላ ሥር የምናውቀው ቡናም በዚሁ መንገድ ተጉዟል። መነሻው ኢትዮጵያ የሆነው ቡና በየመን በኩል ወደ እስያ ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1706 አንድ ተክል ከጃቫ ወደ አምስተርዳም የዕፅዋት ማዕከል ተወሰደ፤ በ1714 ከዚያ የተገኘ ተክል ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ ተበረከተ፤ ዘሩም ቆይቶ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ደረሰ።

የኢትዮጵያ የዘር ባንክ

ሩሲያዊው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው የሰብል ናሙናዎችን ሰብስበዋል፤ አገሪቱንም ከዓለም የሰብል መገኛዎች መካከል መድበዋታል። ኢትዮጵያ የራሷን ማዕከል ያቋቋመችው ግን እ.ኤ.አ. በ1976 ከምዕራብ ጀርመን ጋር በመተባበር ነው። ማዕከሉ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሆኗል፤ ከ60 ሺህ በላይ የዘር ናሙናዎችንም ይዟል። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጠው ዘር በሚገባ ደርቆ፣ አየር በማያስገባ ከረጢት ታሽጎ፣ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ ባለው ክፍል ይከማቻል።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ የተራበ ቤተሰብ ለዘር ያስቀመጠውን እህል ለመብላት ተገደደ። ሰው ዘሩን ከበላ፣ ከአባት ከአያት የወረደ ዝርያ በአንድ ክረምት ሊጠፋ ይችላል። ዶክተር መላኩ ዘር በባንክ ብቻ ሳይሆን በማሳም ሊጠበቅ ይገባል ብለው ተነሡ። በማሳ የሚዘራ ዘር ከአየሩ፣ ከተባዩና ከአፈሩ ጋር እየተለወጠ ይሄዳል፤ በቀዝቃዛ ክፍል ያለው ግን በገባበት ይቆያል። ስለዚህ በካናዳ ድርጅት ድጋፍ ‹‹ዘር ለሕልውና›› የተባለውን መርሐ ግብር መሠረቱ፤ አርሶ አደሮችም ነባር ዘራቸውን ከባለሙያ ጋር እየመረጡ እንዲያሻሽሉ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1989 ‹‹አማራጭ ኖቤል›› እየተባለ የሚጠራውን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ።

የገበሬው ዕውቀት

የወሎ ገበሬ አንዱን ማሽላ ‹‹ወተት በጉንጬ›› ብሎ ይጠራዋል። እ.ኤ.አ. በ1973 ተመራማሪዎች በወሎ ማሽላ ውስጥ ላይሲን የተባለው ጠቃሚ የፕሮቲን ክፍል ከተለመደው በላይ መኖሩን ይፋ አደረጉ። ገበሬው ግን የእህሉን ጥቅም ከላቦራቶሪው አስቀድሞ በስሙ ተናግሮ ነበር። የኢትዮጵያ ገብስም የካሊፎርኒያን ገብስ ከአቢጫ አቀጭጭ ቫይረስ ለመከላከል ያገለገለውን ዘረመል ሰጥቷል።

ለጣና ዙሪያ አርሶ አደር

አዲስ ዘር ጠላት አይደለም፤ በፎገራ ሜዳ ከውጭ የመጣው ሩዝ ዛሬ የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው አዲሱ ሲገባ ነባሩ ጨርሶ ሲጣል ነው። በወንዛዬና በደራ አካባቢ ነባር ዳጉሳ፣ ጤፍ ወይም ኑግ ያለው አርሶ አደር ከማሳው ጥቂቱን ለእርሱ ቢለይ ዘሩ ይቀጥላል። ለዘር የሚሆነው ከአጨዳ በፊት፣ ከማሳው መሐል፣ ከጤናማ ተክል ይመረጣል፤ በደንብ ደርቆ ከምግብ እህል ተለይቶ በቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ይቀመጣል። ከጎረቤት ጋር መለዋወጥም ይጠቅማል፤ በአንዱ ጎተራ ነቀዝ ቢገባ ወይም ጎርፍ ማሳውን ቢወስደው ዘሩ በሌላው ቤት ይገኛልና።