ዋስህ ማን ነው? ስለ እቁብ፣ ስለ ዱቤና ስለ ሞያሌ ነጋዴዎች

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው። «ትንሽ ሱቅ መክፈት አስቤ ነበር፤ ግን እዚህ ማንን አውቃለሁ? ዕቃ በዱቤ ማን ይሰጠኛል?» የሚል። መካሪ ሞልቷልና ምክር አልጨምርም። ይህች የድንበር ከተማ ራሷ እንዴት ስትነግድ እንደኖረች ግን ልንገራችሁ። ረዘም ይላል፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡ።

ሞያሌን ለሁለት የከፈላት እ.ኤ.አ. በ1907 በአፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል የተፈረመው የወሰን ውል ነው። መስመሩ የቦረናን ግጦሽና የውኃ ጉድጓድ ቆረጠ፤ ገበያውን ግን መቁረጥ አልቻለም። ቀጥሎ እንግሊዞች ሰሜን ኬንያን «ዝግ አውራጃ» አደረጉት፤ ከ1926 ጀምሮ ያለ ፈቃድ ወረቀት መግባትም መውጣትም ተከለከለ። ዛሬ ከካምፕ ለመውጣት የምንለማመጠው የይለፍ ወረቀት የዚያ የልጅ ልጅ ነው።

ታዲያ በዚያ ዘመን ማን ነገደ? የውጭ ሰው ነው የነገደው። ከበርበራ ወገን የመጡ የኢሳቅ ሶማሌዎች፣ ሀርቲዎች፣ ሕንዶች፣ ዓረቦች። ኢሳቆቹና ሀርቲዎቹ በ1919 በወጣ ሕግ ከ«ኔቲቭ» ተራ ወጥተው ነበር፤ በ1930ዎቹ ደግሞ ኢሳቆቹ በማኅበር ተደራጅተው እንደ እስያ ሰው እንቆጠር ብለው አቤቱታ በአቤቱታ ላይ ጻፉ። ዓላማቸው ከጎረቤታቸው በላይ መቆጠር ስለነበር አልወደውም። ነገር ግን አንድ ሱቅ፣ አንድ ግመል ያለው ሰው ብቻውን የማይሰማበት ቢሮ ውስጥ በማኅበር ስም ሲገባ ወንበር እንደሚሰጠው ያኔ ገብቷቸዋል።

ከሁሉ የሚገርመኝ የቡርጂዎች ታሪክ ነው። ከጫሞ ሐይቅ ባሻገር ካለው ደጋ በረሃብና በገባርነት ቀንበር ተገፍተው ወደዚህ የወረዱት በባዶ እጃቸው ነው። ያኔ «ስደተኛ» የሚል መታወቂያ አልነበረም እንጂ ስደተኞች ነበሩ። መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ ፈለጡ፤ ማርሳቢት ተራራ ላይ አረሱ፤ ቀስ በቀስ ሱቅ ከፈቱ። ዛሬ በሞያሌም በማርሳቢትም ንግድ ውስጥ የቡርጂ ስም ከፊት ረድፍ ነው። አንድ ሽማግሌ እንዳጫወቱኝ ዘዴው ቀላል ነበር። ሱቅ የከፈተው የእህቱን ልጅ ያስመጣል፤ ልጁ ጥቂት ዓመት ሚዛን ይዞ ሰው ያውቃል፤ ከዚያ አጎቱ ዕቃ በዱቤ ሞልቶለት ሌላ ሰፈር ያስቀምጠዋል። ልጁ ቢከስር የሚያፍረው አጎቱ ነው። የባንክ መያዣ በሌለበት ቦታ መያዣው እፍረት ነበር።

ቦረናም የራሱ አለው። ከብቱ ያለቀበትን ጎሳው በቡሳ ጎኖፋ ያቋቁመዋል። ዳባሬ የሚሉት ደግሞ አለ፦ የምትታለብ ላም ለተቸገረ ይሰጣል፤ ወተቱ የተቀባዩ፣ ላሟ የሰጪው ናት። በገንዘብ ቋንቋ ስናየው ወለድ የሌለው ብድር ማለት ነው።

እኛስ ምን ይዘን መጣን? እቁብን። ጣሊያን በወረራው ዘመን የአዲስ አበባን ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አንስቶ ወደ ዛሬው መርካቶ ካዞረው በኋላ፣ ከጉልትና ከሊስትሮ ተነስቶ ባለ ሱቅ የሆነው በተለይ የጉራጌ ነጋዴ የታወቀበት መሣሪያ እቁብ ነው። ሥራውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እዚህ ለተወለዱ ልጆቻችን ስል ግን ልድገመው። 20 ሰው በሳምንት 1000 ሽልንግ ቢጥል በየሳምንቱ 20,000 ለአንዱ ይወጣል። ቀድሞ ዕጣ የወጣለት ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው፤ መጨረሻ የወጣለት ደግሞ ቆጠበ። ቸኩሎ የፈለገ ዕጣ ይገዛል፣ ያልቸኮለ ይሸጣል። ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ። ከሁሉም በላይ ዋስ አለ፤ ያለ ዋስ ዕጣህ ቢወጣም ብሩን አትነካም።

እቁብ ገንዘብ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በየሳምንቱ አንድ ቦታ የሚቀመጥ 20 ነጋዴ የትኛው ጅምላ አከፋፋይ ዋጋ እንደቀነሰ፣ ማን ዱቤ እንደበላ፣ የትኛው ኬላ እንደተዘጋ ያወራል። ለዚህ ነው ደርግ ያልገደለው። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው አዋጅ ቁጥር 76 የግል ነጋዴን ካፒታል በችርቻሮ ከ200,000፣ በጅምላ ከ300,000 ብር እንዳያልፍ ገደበው። ሱቅ ሊገደብ ይችላል፤ ሳሎን ውስጥ የሚወጣን ዕጣ ግን በየትኛው ኬላ ትፈትሸዋለህ?

ደርግ ሲወድቅ፣ በ1983 ዓ.ም. እና ከዚያ በኋላ፣ በዚሁ በሞያሌ በኩል የተሻገሩ ወገኖቻችን ዋልዳ ካምፕ ገቡ፤ ዋልዳ ሲዘጋ ብዙዎቹ ወደ ካኩማ ተጫኑ። እቁቡም አብሯቸው ተጫነ። ካኩማ ውስጥ የሐበሻ ሻይ ቤትና የጅምላ መደብር ለምን በዛ ብሎ የሚደነቅ ፈረንጅ አጋጥሞኛል፤ መልሱ ያ ነው። የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው አይ.ኤፍ.ሲ. በ2018 ባወጣው ጥናት ካኩማ ላይ ከ2000 በላይ የንግድ ቤቶች ቆጥሯል። ለራሽን የተሰለፈ ሕዝብ ብቻ ነው ሲሉን ለነበሩት ጥሩ መልስ ነው።

በናይሮቢ ኢስሊ ያሉት ሶማሌዎች ደግሞ ከሁላችንም ቀድመው ሄዱ። ጋሪሳ ሎጅ ማደሪያ ቤት ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከጦርነት የሸሹ ሴቶችና ወንዶች በተከራዩት ክፍል ቀን ዕቃ ሸጡበት፣ ማታ አልጋ ላይ ተኙበት። ከዱባይ ዕቃ የሚያስመጣው ገንዘብ በሐዋላ ይሄዳል፤ መነሻው በአዩቶ ይሰበሰባል። አዩቶ ማለት የእነሱ እቁብ ነው፤ ስሙን «እርዳታ» ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል ወሰዱት። ያ ማደሪያ የኢስሊ የገበያ ሕንፃዎች ሁሉ አባት ሆነ። በ2014 መንግሥት በዘመቻ በሺዎች አፍሶ ካሳራኒ ስታዲየም ሲያጉር፣ የኢስሊ ነጋዴዎች በማኅበራቸው በኩል በአደባባይ ጮኹ። የእኛ ሰው ግን ታፍሶ ሲሄድ በስሙ የሚጮህ ማኅበር አልነበረውም። እቁብ ዋስ ይሆናል እንጂ ጠበቃ አይሆንም፤ ይህን ነው ላስምርበት የፈለግሁት።

አሁን ወደ ራሳችን። መጋቢት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. በኢትዮጵያዋ ሞያሌ ወታደሮች ሰላማዊ ሰዎችን ሲገድሉ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሕዝብ መስመሩን ተሻግሮ ኬንያ ገባ። የዚያን ጊዜ ምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ፤ ድንበር ዘለል የነበሩ እቁቦች በመሐል ተበጠሱ። ከዚያ ወዲህ ያየሁት ነገር ያሳዝነኛል። እቁቡ በየብሔሩ ተከፋፈለ፤ ኦሮሞው ለብቻው፣ አማራው ለብቻው፣ ጉራጌውና ቡርጂው ለብቻው። የፈራ ሰው ወደሚያውቀው ይጠጋልና ምክንያቱ ይገባኛል። ነገር ግን አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ያለበት እቁብ ወሬውም አንድ ዓይነት ነው፤ ክፉ ቀን ሲመጣም ሁሉንም በአንድ ጊዜ ነው የሚመታው። በዚህ ረገድ እንጀራና አትክልት የሚሸጡት እህቶቻችን ከወንዶቹ ይበልጣሉ። የእነሱ እቁብ ውስጥ ቦረናም ገሪም ሐበሻም አለች፤ ኬንያውያኑ ቻማ ይሉታል፣ እነሱ እቁብ፣ ግን ደብተሩ አንድ ነው።

የብሩም ነገር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ ዶላሩ በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ከ100 በላይ ወጣ። በብር እቁብ ይጥሉ የነበሩና ዕጣቸው ለመጨረሻ የቀረ የዚህ ማዶ ነጋዴዎች የጣሉትን ያህል ቆጥረው ተቀበሉ፤ የገዛላቸው ዕቃ ግን ግማሽ ሆነ። ዳኛው አላጭበረበረም፣ ዋሱም አልሸሸም። ከአሁን በኋላ ድንበር የሚሻገር እቁብ የሚያቋቁም ሰው በየትኛው ገንዘብ እንደሚጣል ከመጀመሪያው ቀን ደብተር ላይ ያስፍር።

የመጨረሻው ነገር ሕጉ ነው። በ2021 የወጣውና ከየካቲት 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራው የኬንያ የስደተኞች ሕግ፣ አንቀጽ 28፣ ስደተኛ በግልም ሆነ በቡድን ሥራና ንግድ የመሥራት መብት እንዳለው ይናገራል። «በቡድን» የምትለዋን ቃል ብዙዎቻችሁ አላያችኋትም። ወረቀት ላይ ያለው መብት ቢሮ በር ላይ እንደሚጠፋ አውቃለሁ፤ እኔም ከአንድ ቢሮ ሦስት ጊዜ ተመልሻለሁ። ግን የተመለስኩት ለብቻዬ ሄጄ ነው። ስለዚህ የእቁብ ደብተራችሁን፣ የአባላቱን ስምና የዳኛውን ፊርማ ይዛችሁ እሑድ ከሰዓት ኑ፤ አንቀጹን በአማርኛም በኦሮምኛም እናነበዋለን፤ ሰኞ ጠዋት ደግሞ አብረን እንሄዳለን። ኬንያዊት የቻማ አባል ያላችሁ፣ እሷንም ይዛችሁ ኑ።