ዜና ዘመነ ማቴዎስ፦ ስለ ሰገሌ ድልና ስለ ምድር ባቡር መግባት

ዓለም በተፈጠረ በ7409 ዓመት፣ በ1909 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ ወንጌላዊ፣ መስከረም 17 ቀን በመስቀል በዓል፣ የሸዋ መኳንንትና ካህናት በአዲስ አበባ ተሰብስበው ልጅ ኢያሱን ከአልጋ ሻሩ፤ የዳግማዊ ምኒልክን ልጅ ዘውዲቱን ንግሥተ ነገሥታት፣ የራስ መኰንንን ልጅ ደጃዝማች ተፈሪን በራስነት ማዕርግ አልጋ ወራሽ አደረጉ። ለልጅ ኢያሱ ተምሎ የነበረው መሐላ በአቡነ ማቴዎስ ቃል ተፈትቷልና ስለ መሐላው የሚመራመር አይኑር። በዚያው ሰሞን በሐረር ከተማ የሆነውንም ብዕራችን አይጽፈውም።

ንጉሥ ሚካኤልም የልጃቸው የልጅ ኢያሱ መሻር አንገብግቧቸው የወሎን ሠራዊት አስከትተው ወደ ሸዋ ገሠገሡ። ሊገቷቸው የወጡት የሸዋው ራስ ልዑል ሰገድ በቶራ መስክ ዐረፉ፤ ይህን ማስረዘም አያስፈልግም። ነገር ግን ጥቅምት 17 ቀን በቅዱስ እስጢፋኖስ ዕለት፣ አልጋ ወራሹና በጦርነት ያረጀው በምክርም የበሰለው የጦር ሚኒስትር ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በሰገሌ ሜዳ በገጠሙ ጊዜ፣ ከማለዳ ጀምሮ ምድሪቱ በተኵስ ስትናወጥ ውላ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ የወሎ ጦር ተፈታ፤ ንጉሥ ሚካኤልም ተማረኩ። ድሉን ለመረጣቸው የሰጠ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ከሁለቱም ወገን የወደቁት የአንዲት ሀገር ልጆች ነበሩና ነፍሳቸውን ይማር። ሠራዊቱ እየሸለለና እየፎከረ በጃንሜዳ በንግሥቲቱ ፊት ሲያልፍ፣ ንጉሡ በሰንሰለት ታስረው ታዩ፤ አንዳንድ ሽማግሎችም ያን ጊዜ አንገታቸውን አቀረቀሩ ይባላል።

የካቲት 4 ቀን በገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ የንግሥት ዘውዲቱ የዘውድ በዓል ሆነ።

በግንቦት ወር አስቀድሞ አቃቂ ደርሶ የነበረው የምድር ባቡር ሐዲድ፣ የቦሌን የእርሻና የግጦሽ ሜዳ በስተቀኝ ትቶ፣ በኋላ ለገሃር ከተባለው ሥፍራ ደረሰ። ነጋዴው በግመልና በበቅሎ ከወር በላይ ይማስንበት የነበረውን መንገድ፣ ስፋቱ 1 ሜትር በሆነ ሐዲድ የሚሄደው ባቡር፣ ሌሊት በድሬዳዋና በአዋሽ እያደረ፣ በሦስተኛው ቀን የሚጨርሰው ሆነ፤ ርዝመቱም ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ነበረ። ይህ ሁሉ በንግሥቲቱና በአልጋ ወራሹ መልካም ዕድል የተፈጸመ ነው፤ ፈቃዱ በ1886 ዓመተ ምሕረት ለስዊሱ መሐንዲስ ለሙሴ ኢልግ መሰጠቱ፣ ሥራውም በ1890 መጀመሩ ይህን አይሽረውም። ፈቃዱን የሰጡት ዳግማዊ ምኒልክ ከ3 ዓመት በፊት ዐርፈው ነበርና ባቡሩ በከተማቸው ሲገባ አላዩም። የመጀመሪያው ኩባንያ በገንዘብ እጦት መፍረሱ፣ በ1899 ሦስት የአውሮፓ መንግሥታት በሎንዶን ተቀምጠው ስለ ሀገራችንና ስለ ሐዲዱ በመካከላቸው መዋዋላቸው የታወቀ ነው። ሐዲዱ የሚነሣበት ወደብ በባዕድ እጅ መኖሩን ግን በደስታው ቀን የሚያነሣ አልተገኘም።

ልጅ ኢያሱ ያን ጊዜ ገና አልተያዙም ነበርና በዚህ ዓመት መዝገብ ስለ እርሳቸው የሚጻፍ የለም።