ሐራጅ ያልደረሰበት ገበያ፦ የደክዋኔ ቸርቻሪዎችና የኢንተርኔት ጨረታ

ሐራጅ ከዐረብኛ ወደ አማርኛ የገባ ቃል ሲሆን፣ ዕቃን በሕዝብ ፊት አቅርቦ፣ ተጫራቾች ዋጋ እየጨመሩ ሄደው የላቀውን ለሰጠው የመሸጥ ሥርዓት ነው፤ የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም በፍርድ የተያዘ ንብረት በዚሁ መንገድ እንዲሸጥ ይደነግጋል። ሊባኖሶች «መዛድ» የሚሉት ይህ ሥርዓት ወደ ኢንተርኔት ሲሻገር ለትንሹ ሻጭ ትልቅ ተስፋ ይዞ ነበር፤ ተስፋው ደክዋኔ ላሉ ኢትዮጵያውያን ቸርቻሪዎች ሳይደርስ የቀረው ግን በእነርሱ ስንፍና ሳይሆን በሥርዓቱ በራሱ አሠራር ነው።

ደክዋኔ ከቤይሩት በስተምሥራቅ፣ በመትን አውራጃ የምትገኝ፣ እስከ ነሐሴ 1976 እ.ኤ.አ. ድረስም የፍልስጤም ስደተኞች ካምፕ የነበረውን ተል አል ዛዕተርን አቅፋ የኖረች ከተማ ናት። በሊባኖስ የ«ከፋላ» ሥርዓት፣ ማለትም የስደተኛ ሠራተኛን የመኖሪያ ፈቃድ ከአንድ አሠሪ ጋር የሚያስረው አሠራር፣ ሌላ ሥራ መሥራትን ጥፋት ያደርጋል፤ የ1946 እ.ኤ.አ. የሥራ ሕግም የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ ትቷቸዋል። በዚህ የተነሣ ከአሠሪ ቤት ወጥተው ክፍል ተከራይተው የሚኖሩት፣ በአገር ልጆች አነጋገር «ፍሪላንስ» የሚባሉት ሴቶች፣ ሱቅ በስማቸው ሊከፍቱ ስለማይችሉ ንግዳቸው በዋናነት የእሑድ ንግድ ሆኖ ኖሯል። የሚሸጡት በርበሬ በትንንሽ ፌስታል ይቋጠራል፤ ገዢዋ ቋጠሮውን ፈትታ፣ አሽትታ፣ ቀለሙን አይታ፣ ከየት እንደመጣ ጠይቃ ነው የምትወስደው፤ ገንዘብ ካጠራትም ለሚቀጥለው እሑድ በዱቤ ይያዝላታል።

የኢንተርኔት ጨረታ ይህን ሁሉ በምስልና በደንበኞች አስተያየት ሊተካ ተነሣ። በ1995 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ኢቤይ እያደገ ሲሄድ ትንንሾቹ ሻጮች በክፍያው መብዛት ተማረሩ፤ በ2008 ደግሞ ሻጭ በገዢ ላይ መጥፎ አስተያየት እንዳይሰጥ መከልከሉ ቅሬታውን አባባሰው። ብዙዎች አነስተኛ ክፍያ ወደሚጠይቁ አማራጭ ገጾች ቢዞሩም፣ በዚያ የጠበቃቸው ባዶ ገበያ ነበር፤ ዋጋን ከፍ የሚያደርገው የተጫራች ብዛት ነውና፣ ተጫራች ባነሰበት ሐራጅ ዕቃው ወይ ሳይሸጥ ይቀራል ወይ በመነሻ ዋጋው ይሄዳል። የያሁ ጨረታ እንኳ በአሜሪካ በ2007 ተዘጋ። በዐረቡ ዓለም በ2005 በጨረታ የጀመረው ሱቅ ዶት ኮም ደግሞ ወደ ቁርጥ ዋጋ ሽያጭ ዞሮ፣ በ2017 በ580 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለአማዞን ተሸጠ።

ለደክዋኔዋ ሻጭ ችግሩ ከዚህም ይከፋል፤ የጨረታ ገጽ የባንክ ሒሳብ፣ ካርድና ቋሚ አድራሻ ይፈልጋል፣ የኢቤይ ዋነኛ መክፈያ ሆኖ የቆየው ፔይፓል ደግሞ በሊባኖስ አይሠራም። ከ1997 ጀምሮ አንድ ዶላር በ1,507.5 ሊራ ተተምኖ የኖረው ገንዘብ ከ2019 በኋላ ሲወድቅ፣ ባንኮችም የአስቀማጮችን ዶላር ሲይዙ፣ የባንክ ሒሳብ ላላቸው ሊባኖሳውያን ሳይቀር በካርድ መገበያየት ፈተና ሆነ። በ2023 አንድ ዶላር ከ100,000 ሊራ በላይ በተመነዘረበት ወቅት ለሰባት ቀን ክፍት የሚቆይ ጨረታ በሊራ ማውጣት፣ ሻጭዋን በየሰዓቱ ለሚወርድ ገንዘብ ማስያዝ ነበር።

በደክዋኔ በርበሬ የሚሸጠው እስከ ዛሬ በስልክ ተጠይቆ፣ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎና ሒሳቡ በጥሬ ገንዘብ ተቆጥሮ ነው።