ምልልሳዊ አፈታት

ወረቀት ላይ ሦስት በሦስት የሆነ ሠንጠረዥ ይሣልና በ0 እና በ1 ይሞላ። ሕጉ አንድ ነው፤ የእያንዳንዱ ረድፍና የእያንዳንዱ ዓምድ ድምር ያለ ቀሪ ለ2 መካፈል አለበት። የመጀመሪያው ረድፍ 1፣ 0፣ 1፤ ሁለተኛው 1፣ 1፣ 0፤ ሦስተኛው 0፣ 1፣ 1 ነው። መልእክቱ በአየር ሲጓዝ ከላይኛው ረድፍ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች፣ ከመካከለኛው ደግሞ የመጀመሪያው ጠፉ እንበል። ላይኛው ረድፍ ሁለት ስለጎደሉት ብቻውን መላ የለውም። የመጀመሪያው ዓምድም እንደዚያው። መካከለኛው ረድፍ ግን የጎደለው አንድ ብቻ ነውና «1 ነው» ብሎ ለዓምዱ ይነግረዋል። ዓምዱ በዚህች ወሬ ተነሥቶ የቀረውን ጉድለቱን ይሞላል፤ እሱም 1 ነው። ያንን ለላይኛው ረድፍ ሲያቀብለው የመጨረሻው የጠፋ አኃዝ 0 ሆኖ ይወጣል።

የኮሙኒኬሽን መሐንዲሶች ይህን «ኢተሬቲቭ ዲኮዲንግ» ይሉታል።

ወደ አማርኛ ሲመጣ ቶሎ አፍ ላይ የሚመጣው «ድግግሞሻዊ» የሚለው ነው። ነገር ግን «ድግግሞሽ» በፊዚክስ ትምህርት ፍሪኩዌንሲን ተክቶ ሥር ሰድዷል፤ ስለ ሬዲዮ ሞገድ በሚነገርበት መስክ ሁለቱ መምታታታቸው አይቀርም። ደግሞም የነገሩ ነፍስ ያለው በመቀባበሉ ላይ ነው። ስለዚህ «ምልልሳዊ አፈታት» ይሻላል። ምልልስ ወሬ ይዞ ሄዶ ሌላ ወሬ ይዞ መመለስ ነው፤ ቃለ ምልልስም ያው ነው።

የሐሳቡ አባት አሜሪካዊው ሮበርት ጋላገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ለኤም አይ ቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ፣ እንደ ረድፉና እንደ ዓምዱ ያለ እያንዳንዱ ማጣሪያ ጥቂት አኃዞችን ብቻ የሚቆጣጠርበትን ኮድ ከነምልልሱ አሳየ። የዘመኑ ኮምፒውተር ግን ስሌቱን አልቻለውም፤ ሥራው ከ30 ዓመት በላይ ተረስቶ ቆየ። በ1993 ጄኔቫ ላይ ክሎድ ቤሩ፣ አሌን ግላቪዩና የታይላንዱ ፑንያ ቲቲማጅሺማ በምልልስ የሚፈታውን «ቱርቦ ኮድ»ን ይፋ ሲያደርጉ፣ ክሎድ ሻነን በ1948 ያለ ስሕተት ለሚተላለፍ መልእክት ካሰመረው የመጨረሻ ወሰን አጠገብ ደርሰው ነበር። ስሙን የወሰዱት የራሱን ጭስ መልሶ ለጉልበት ከሚጠቀም ሞተር ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ማካይና ራድፎርድ ኒል የጋላገርን ኮድ ከተረሳበት አወጡት። ዛሬ የ5ጂ ስልክ ዳታ የሚጓዘው በዚሁ ዓይነት ኮድ ነው፤ ኢትዮ ቴሌኮም በ2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያስጀመረው 5ጂም የዚያ ጽሑፍ ፍሬ ደርሶታል።

ታዲያ ለዛሬ የዶክትሬት ተማሪ ምን ቀረው? ብዙ ቀረው። በእውነተኛው መቀበያ ውስጥ አኃዝ እንዲሁ አይጠፋም፤ ይደበዝዛል። ስለዚህ የሚቀባበሉት «1 ነው» ሳይሆን «1 ሳይሆን አይቀርም» እያሉ፣ ከነእርግጠኝነታቸው መጠን ነው። እዚህ ላይ አደጋ አለ። አንድ ሰው ያወራው ወሬ ሰፈሩን ዞሮ ወደ ራሱ ሲመለስ አዲስ ማስረጃ ይመስለዋል። በኮዱም ውስጥ ትንንሽ ቀለበቶች ካሉ መልእክቱ ዞሮ ይመጣና ስሕተቱ እየጠነከረ ይሄዳል። ለዚህ ነው ማንም የነገረውን መልሶ እንዳይሰማ ስልተ ቀመሩ የሚከለክለው፤ ቀለበቶቹን ማስረዘም ደግሞ ራሱን የቻለ ምርምር ነው።

ሌላው ትግል ከጊዜና ከባትሪ ጋር ነው። «ሚን-ሰም» የተባለው አቋራጭ ከባዱን ስሌት ትቶ ትንሹን ቁጥር ብቻ ይመርጣል፤ ይፈጥናል፣ ግን በራሱ ከልክ በላይ ይተማመናል። ተመራማሪዎች መልእክቱን ለምሳሌ በ0.75 እያባዙ ድምፁን ዝቅ ያደርጉለታል። ከየዙሩ በኋላም ማጣሪያዎቹ ሁሉ መስማማታቸው ይታያል፤ ከተስማሙ ምልልሱ እዚያው ይቆማል፣ ስልኩም ቀሪዎቹን ዙሮች አያሰላም።