የአሮጌ ትራክተር የሞተር ዘይት ፍተሻና ለውጥ

የሚንስክ ትራክተር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ያመረተው ኤም ቲ ዜድ-80 ቤላሩስ ትራክተር 80 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለአራት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር የተገጠመለት ነው። የቤላሩስ ትራክተሮች በደርግ ዘመን በናዝሬት ይገጣጠሙ ስለነበር በመንግሥት እርሻዎች በሚገባ ይታወቃሉ። ሞተሩ ወደ 15 ሊትር ዘይት የሚይዝ ሲሆን፣ የቀድሞው የፋብሪካ መመሪያ ዘይቱ በየ240 የሥራ ሰዓት እንዲለወጥ ያዛል።

የዘይቱ መጠን የሚለካው ትራክተሩ በደልዳላ ሥፍራ ቆሞ፣ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ ተጠብቆ ነው። አንዱ ጎማ በትልም ውስጥ እንዳለ የተወሰደ ልኬት አያስተማምንም። የመለኪያው ዘንግ ተጠርጎ እንደገና ገብቶ ሲወጣ ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መታየት አለበት።

የጎደለ ዘይት ይሞላል። ማንም ሳይጨምርበት ከፍ ብሎ የተገኘ ዘይት ግን ከጉድለቱ የከፋ ምልክት ነው። ናፍጣ የሚሸት ቀጭን ዘይት ነዳጅ፣ ወተት የመሰለ ዘይት ደግሞ ውኃ እንደገባበት ያመለክታል። ውኃ ከዘይት ስለሚከብድ ሲያድር ከታች ይጠራቀማል፤ በማግስቱ ሞተሩ ሳይነሳ የማፍሰሻው ቡሎን በጥቂቱ ሲላላ ቀድሞ የሚወጣው ውኃ ከሆነ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ወይም የሲሊንደሮቹ የጎማ ቀለበቶች ይመረመራሉ። የእርሻ ወቅት ደርሷል በሚል እንዲህ ያለውን ሞተር ማሠራት ኩሽኔታዎቹን ስለሚያበላሽ፣ በጊዜው ቢሆን ቀላል የነበረው ጥገና ወደ ሙሉ የሞተር እድሳት ይለወጣል።

ዘይት የሚፈሰው ሞተሩ ሠርቶ እንደሞቀ ነው፤ የሞቀ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል፣ እጅም ያቃጥላል። በወጣው ዘይት ውስጥ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ከታየ መካኒክ ሳያየው አዲስ ዘይት አይሞላም።

በእነዚህ የቀድሞ ሞተሮች ላይ ዘይቱን የሚያጣራው የሚጣል ፊልትሮ ሳይሆን በዘይቱ ግፊት የሚሽከረከር ክፍል ነው። ቆሻሻው በውስጥ ግድግዳው ላይ ስለሚጋገር ዘይት በተለወጠ ቁጥር ተፈትቶ ይጸዳል። ይህ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነው። ክፍሉ ደህና ከሆነ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ያህል ሲሽከረከር ድምፁ ይሰማል።

የተቃጠለው ዘይት በበርሜል ይጠራቀማል እንጂ መሬት ላይ አይደፋም። ለውጡ የተካሄደበት የሥራ ሰዓት በትራክተሩ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ሰዓት ቆጣሪው ከተበላሸ፣ በአሮጌ ትራክተር ላይ ይህ ብርቅ አይደለም፣ ኦፕሬተሩ የየዕለቱን የሥራ ሰዓት በጽሑፍ ይይዛል።