ታይሚንግ ቺንጋ ከተቀየረ በኋላ የሚታይ የሚኒሞ መዛባት

ታይሚንግ ቺንጋ ከተቀየረ በኋላ የሚታይ የሚኒሞ መዛባት የሚባለው፣ ከቅየራው በፊት ደህና ይሠራ የነበረ ሞተር ከጋራዥ ሲወጣ እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ በተነሳ ቁጥር የሚንቀጠቀጥበት፣ ዙሩ ከፍ ዝቅ የሚልበት ወይም የሚጠፋበት ብልሽት ነው። ቺንጋው ጥርስ ያለው የጎማ ቀበቶ ሲሆን የክራንክ ሻፍቱን ዙር ወደ ካም ሻፍቱ ያስተላልፋል፤ ክራንክ ሻፍቱ ሁለቴ ሲዞር ካም ሻፍቱ አንዴ ይዞራል፣ ቫልቮቹም በዚሁ ልክ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ብዙ ጊዜ ብልሽቱን ለማጥፋት የሚሞከረው ካንዴላ፣ ኢንጄክተር ወይም ሴንሰር በመለወጥ ነው። ማስረጃው የሚደግፈው ግን ሌላ ቅደም ተከተል ነው፦ ምርመራው ቅየራው ከነካቸው ነገሮች መጀመር ይኖርበታል፤ ከእነዚህም መካከል የታይሚንግ ምልክቶቹ በዓይን ታይተው ሳይረጋገጡ የየትኛውም መሣሪያ ንባብ ብቻውን ለውሳኔ አይበቃም።

አመጣጥ

ጥርስ ያለው ቀበቶ ከመኪና ሞተር በፊት የነበረ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ለልብስ ስፌት መኪና ታስቦ እንደተሠራ ይነገራል። ካም ሻፍት ለማዞር መጀመሪያ የዋለው በማን ሞተር ላይ ነው የሚለው ግን ያከራክራል። በብዛት የሚጠቀሰው በምዕራብ ጀርመን ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1962 ለገበያ የቀረበው ግላስ 1004 ነው። አሜሪካዊው ቢል ዴቪን ግን በ1950ዎቹ፣ በፓናር ሞተር ላይ በተመሠረቱ የውድድር መኪኖቹ ቀድሞ ተጠቅሞበታል ስለሚባል ቀዳሚነቱን ለእሱ የሚሰጡ አሉ። ዴቪን በውድድር መኪና፣ ግላስ በብዛት ተመርቶ በሚሸጥ መኪና ቀደሙ ቢባል ሁለቱ ወገኖች የሚጋጩ አይመስልም። እ.ኤ.አ. በ1966 ፖንቲያክ በስድስት ሲሊንደር ሞተሩ፣ ፊያትም አውሬሊዮ ላምፕሬዲ በነደፈው ባለ ሁለት ካም ሻፍት ሞተር ላይ ቀበቶውን ተጠቀሙ፤ መስፋፋቱ ከዚያ ወዲህ ነው።

ይህ ታሪክ ለምርመራው ፋይዳ አለው። ሰንሰለት በሞተር ዘይት እየራሰ ሞተሩ እስኪፈታ ድረስ ብዙ ጊዜ ሳይነካ ይኖራል። የጎማ ቀበቶ ድምፅ የማያበዛና ቀላል ቢሆንም ዕድሜው የተወሰነ ነው፤ በአንዳንድ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች 100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሞላ ዳሽቦርዱ ላይ የቺንጋ መብራት ይበራል። እንግዲህ የቫልቮቹና የፒስተኖቹ መጣጣም በየቅየራው በሰው እጅ እንደ አዲስ ይገጠማል ማለት ነው፤ የመሳሳቱም ዕድል አብሮ ይመለሳል።

የአንድ ጥርስ ስህተት

የካም ሻፍቱ መዘውር 48 ጥርስ ቢኖረው፣ አንድ ጥርስ መሳት ካም ሻፍቱን በ7.5 ዲግሪ ያዛንፈዋል፤ በክራንክ ሻፍቱ ሲለካ 15 ዲግሪ ይሆናል። ካም ሻፍቱ ከዘገየ የአየር ማስገቢያው ቫልቭ ዘግይቶ ይዘጋል፤ በዝቅተኛ ዙር ላይ ሲሊንደር ውስጥ የገባው አየር ከፊሉ ወደመጣበት ይመለሳል፣ ኮምፕረሽኑም በሁሉም ሲሊንደሮች በእኩል ይወርዳል። ካም ሻፍቱ ከቀደመ ደግሞ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ማስገቢያው ገብቶ አዲሱን አየር ይበርዘዋል። ሁለቱም ጎልተው የሚታዩት በሚኒሞ ላይ ነው፤ ዙሩ ሲጨምር ጉዳቱ ይደበዝዛል። ሹፌሩ «ስነዳው ደህና ነው፣ ስቆም ነው የሚያንዘፈዝፈው» ሲል የሚገልጸው ይህንኑ ነው። «ጥርስ ቢስት ኖሮ ጭራሹን አይነሳም ነበር» የሚለው መከራከሪያ ሁለትና ሦስት ጥርስ ለሳተ ሞተር ሊሠራ ይችላል፤ አንድ ጥርስ የሳተ ሞተር ግን አብዛኛውን ጊዜ ይነሳል፣ ይነዳልም።

ስህተቱ የሚፈጠረው በቸልተኝነት ብቻ አይደለም። ቀበቶው ሲጠለቅ መላላቱ በመወጠሪያው በኩል ብቻ መቅረት አለበት፤ በሌላው በኩል ትንሽ ልል ከቀረ፣ መወጠሪያው ሲለቀቅ ካም ሻፍቱን ስቦ አንድ ጥርስ ያሳልፈዋል። ለዚህ ነው ከገጠማው በኋላ ክራንክ ሻፍቱን በቁልፍ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሮ ምልክቶቹን ዳግም ማየት የሚያስፈልገው። በዚህ ጊዜ አዲሱ ቀበቶ ላይ በቀለም የተሠመሩት መስመሮች ከመዘውሮቹ ምልክት ጋር ባይገጥሙ ስህተት አይደለም፤ የሚታየው የመዘውሮቹ ምልክት ነው። ሌላው አሳሳች ነገር የውጭኛው የክራንክ ፑሊ ነው። ብዙዎቹ ፑሊዎች በውስጠኛውና በውጭኛው ብረት መካከል ጎማ አላቸው፤ ጎማው ሲያረጅ ውጭኛው ቀለበት ይንሸራተትና ምልክቱ የማይታመን ይሆናል። በውስጠኛው ጥርስ ላይ ያለውን ምልክት ማየት፣ ወይም በአንደኛው ሲሊንደር የካንዴላ ቀዳዳ ለስላሳ ዘንግ አስገብቶ የፒስተኑን ላይኛ ጫፍ ማረጋገጥ ይሻላል።

ብርቱው ተቃውሞ ከኮምፒዩተር ምርመራ በኩል የሚመጣ ነው፦ ማሽኑ ኮድ ካላወጣ ቺንጋው ትክክል ነው ይባላል። በእርግጥ ፒ0016 የሚባለው ኮድ የክራንክና የካም ሻፍት ሴንሰሮች አለመጣጣምን ያመለክታል፤ ሲወጣም ትልቅ ማስረጃ ነው። አለመውጣቱ ግን ማስረጃ አይሆንም። መዛነፉ ኮምፒዩተሩ ከሚታገሠው በታች ከሆነ ኮዱ አይመዘገብም፤ ዲስትሪቢዩተር ባላቸው የቆዩ ሞተሮችም እንዲህ ያለ ንጽጽር ላይኖር ይችላል። እንደ ቶዮታ 4ኤ-ኤፍኢ ባሉት ሞተሮች ዲስትሪቢዩተሩን የሚያዞረው ካም ሻፍቱ ስለሆነ፣ ጥርስ ሲሳት የካንዴላው እሳትም አብሮ ይዘገያል ወይም ይቀድማል። መካኒኩ በታይሚንግ መብራት እያየ ዲስትሪቢዩተሩን አዙሮ መመሪያው ወደሚያዘው 10 ዲግሪ ሲመልሰው እሳቱ ይስተካከላል፣ የቫልቮቹ ስህተት ግን ተሸፍኖ ይቀራል። የዲስትሪቢዩተሩ ማሰሪያ ብሎን በመንሸራተቻው ቀዳዳ ጫፍ ላይ ተጠግቶ ከተገኘ ይህ መሆኑን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ሽፋን መፍታት ድካም ስለሆነ ቀላሉ ይቅደም የሚሉም አሉ፤ ይህ በከፊል እውነት ነው። በሥራው ወቅት የተነቀለ የቫኪውም ቱቦ፣ ያልተጫነ ሶኬት፣ በደንብ ያልታሰረ የአየር ቱቦ ወይም የግራውንድ ሽቦ በደቂቃዎች ይታያል፤ መቅደምም አለበት። ባትሪው ተነቅሎ ከነበረም አንዳንድ ኮምፒዩተሮች የለመዱትን ሚኒሞ እስኪያገኙ ድረስ ለአጭር ጊዜ ይዛባሉ። «ትንሽ ንዳው፣ ይለምዳል» የሚለው ምክር የሚሠራው ለዚህ ብቻ ነው። ዕቃ መለወጥ ግን ከሁሉም በኋላ ይመጣል፤ ትናንት ደህና የነበረ ኢንጄክተር ቺንጋ በተቀየረበት ዕለት ይበላሻል ብሎ መገመት አጋጣሚን ከምክንያት ማስቀደም ነው።

የከፍታ ተጽዕኖ

መመሪያ መጻሕፍት ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ላይ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ቫኪውም እንደሚያሳይ፣ ዝቅ ብሎ የረጋ ንባብ ደግሞ የዘገየ የቫልቭ ታይሚንግ ምልክት እንደሆነ ይጽፋሉ። ይህ ለባሕር ጠለል የተሰጠ ቁጥር ነው፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ 1 ኢንች ገደማ ይቀነሳል። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ እዚያ ከ9 እስከ 13 ኢንች የሚያሳይ ሞተር ጤነኛ ሊሆን ይችላል። መጽሐፉን እንዳለ የተከተለ ሰው ትክክለኛውን ቺንጋ ሊያስፈታ ይችላል፤ በተቃራኒው «ከፍታው ነው» ብሎ እውነተኛውን ስህተት የሚያልፍም ይኖራል። ኮምፕረሽንም እንዲሁ ነው፦ አየሩ በሩብ ገደማ ስለሚሳሳ፣ መመሪያው 12 ባር የሚልለት ሞተር አዲስ አበባ ላይ 9 ባር አካባቢ ቢያነብ አያስደነግጥም። ከቅየራው በፊት የተወሰደ ንባብ ካለ፣ ወይም እዚያው ከተማ ያለ ተመሳሳይ ሞተር ከተገኘ፣ ከመጽሐፉ ቁጥር ይልቅ ለማነጻጸር የሚበጀው እሱ ነው።

የናፍጣ ሞተሮች

እንደ ቶዮታ 2ኤል፣ 3ኤል እና 5ኤል ባሉት ሞተሮች ያው ቺንጋ የናፍጣ ፓምፑንም ያዞራል፤ ስለዚህ የሚፈተሹት ምልክቶች የክራንክ፣ የካምና የፓምፕ ናቸው። ፓምፑ ከዘገየ ነጭ ጭስና በግድ መነሳት፣ ከቀደመ ጠንካራ ማንኳኳት ይታያል። የናፍጣ መስመር ተከፍቶ ከነበረ የገባ አየርም ሚኒሞውን ያዛባል። ቺንጋው ስቶ ሲዞር ፒስተንና ቫልቭ ሊጋጩ ስለሚችሉ፣ ለፍተሻ ሞተሩ የሚዞረው በቁልፍ እንጂ በሞተሪኖ አይደለም፤ በመሃል ደረቅ ብሎ ከቆመም አይገደድም።